ናፍቆት ስንተኛ ናት?

ወረታ፣ ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ለገላነሽ የልጅ ልጅ፣ ለታደለ ባየህ፤ ኦስሎ

የሰማዩ ጌታ ከነጓንትህና ከነካልሲህ ይጠብቅህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ነው የሚያመኝ፤ ወደ ገበያ ሲሆን ይተወኛል። ሩዙ ታጭዷል፤ ጓያው በእርጥቡ ተዘርቷል። ወረታ አሁንም አንድ እጇን ወደ ጎንደር፣ አንድ እጇን ወደ ደብረ ታቦር ዘርግታ ባጃጅ ትጠብቃለች። በገበጣ እስካሁን የሚችለኝ አልተወለደም።

ይህን ደብዳቤ በእጄ ጽፌው ናፍቆት በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። ናፍቆት እኔ ዘንድ የምታድገው የልጄ ልጅ ናት። የዛሬ ስድስት ዓመት ክረምት ስትመጣ ጫማህን ደብቃ ያስለፋችህ ልጅ ዛሬ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት።

የጻፍኩልህ አንድ ነገር ቢያቅለሸልሸኝ ነው። መስቀለኛው መንገድ ላይ፣ ከባጃጆቹ ጀርባ፣ አመሉ የሚባል ሰው የፕሌይስቴሽን ቤት ከፍቷል። ልጆቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ በቴሌቪዥን ኳስ ይጫወታሉ። ናፍቆትም ትጫወታለች። እናቴ ብታይ ትሞት ነበር፤ ደግነቱ ቀድማ ሞታለች። ግድግዳው ላይ ሰሌዳ አለ፤ ብዙ ያሸነፈ ከላይ፣ ትንሽ ያሸነፈ ከታች ይጻፋል። ከላይ የተቀመጠው የኔነህ ነው፤ የአመሉ የወንድም ልጅ። ይህ የኔነህ በገበያ ቀን ከይፋግ ለእህል የመጡ፣ ጆይስቲኩን ገልብጠው የሚይዙ ሕፃናትን እየጠራ ሲያሸንፍ ይውላል። እያንዳንዱ ሕፃን አንድ ተብሎ ይቆጠርለታል። ናፍቆት ግን የምትገጥመው ጎበዞቹን ብቻ ነው፤ አሸንፋም ተሸንፋም ሰባተኛ ናት።

ይህ መለካት ነው? በሬ የሚመዘነው ከጥጃ ጋር ተጠምዶ ነው? ሰሌዳውን ባየሁ ቁጥር ዝንብ የወደቀበት ጠላ የጠጣሁ ይመስለኛል።

ነገሩ በጨዋታ ብቻ ቢቀር ዝም እል ነበር። ከፋሲካ በኋላ ባሕር ዳር የከተሞች ውድድር አለ፤ ከወረታ አንድ ሰው ብቻ ይሄዳል። አመሉ የሚልከው ከሰሌዳው አናት ያለውን ነው። ናፍቆት ይህን ከሰማች ወዲህ እራቷን በትክክል አልበላችም። መሄዱን ብቻ አይደለም የምትፈልገው፤ ማታ ማታ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ “አባባ፣ እውነት ግን እኔ ስንተኛ ነኝ?”

አንተ የተማርከው ይህንኑ ነው አሉ። በል ንገረኝ፤ ተጫዋች በትክክል የሚመዘነው እንዴት ነው?

የአያትህ ወንድም መንግሥቴ

•

ኦስሎ፣ ኅዳር 15 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ አባባ መንግሥቴ

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ፤ ጉልበትዎን ወደ ቤተ ክርስቲያንም ወደ ገበያም እኩል ያድርግልዎ። እኔ ደኅና ነኝ። ጨለማው ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ይወርዳል፤ ሥራ ግን ሞቅ ያለ ነው። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቴም ብቻዬን ሳቅሁ።

የጠየቁኝ በእርግጥ የየዕለት ሥራዬ ነው። የምሠራበት ድርጅት ጌም ያመርታል፤ እኔ ደግሞ ተጫዋቾቹን በስታቲስቲክስ እመዝናለሁ። የአመሉ ሰሌዳ ስሕተቱ ስንት ጊዜ እንዳሸነፉ መቁጠሩ ነው። ዋናው ጥያቄ ማንን አሸነፉ የሚለው ነው።

እንዲህ ያስቡት። ሁለት ልጆች ሊጫወቱ ሲቀመጡ፣ ካለፈው ተነስተን እገሌ ያሸንፋል ብለን እንገምታለን። ግምታችን ከሠራ ምንም አዲስ ነገር አልተማርንም፤ ስለዚህ ደረጃቸው ትንሽ ብቻ ይነቃነቃል። ደካማ ያልነው ብርቱውን ከጣለ ግን ግምታችን ተሳስቷል ማለት ነውና ብዙ እናስተካክላለን። የኔነህ መቶ የይፋግ ሕፃናት ቢያሸንፍ ከነበረበት ፈቀቅ ማለት የለበትም።

ለእናንተ እንዲመች ቀለል አድርጌዋለሁ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ከረጢት ይስጡትና አርባ አርባ ሽምብራ ያስገቡበት። ከረጢቱ የሞላለት የጎደለበትን ቢያሸንፍ አንድ ሽምብራ ይወስዳል። እኩል ከሆኑ ሦስት ይወስዳል። የጎደለበት የሞላለትን ቢያሸንፍ ስድስት። አንድ ጨዋታ ዕድል ነው፤ አሥርም ያታልላል። ብዙ ይጫወቱ፤ ከሁሉም ጋር ይገናኙ። ማን ማንን በየትኛው ቀን እንዳሸነፈ ይላኩልኝ፤ እኔም እዚህ በማሽን አሰላዋለሁ።

በገበጣውስ ልክ ነዎት። ያን ክረምት በረንዳዎ ላይ ስንት ጊዜ እንዳሸነፉኝ አልረሳሁትም።

አክባሪዎ ታደለ

•

ወረታ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለታደለ፣ የከረጢት ሊቅ

ገናን በሰላም ያድርስህ፤ ዶሮ የሚሠራልህ ባይኖር እንኳ የሚጋብዝህ አይጥፋ።

ሰሌዳው ወርዷል። አመሉ መጀመሪያ አኮረፈ፤ “አባባ፣ እርስዎ ስለ ጌም ምን ያውቃሉ?” አለኝ። ስለ በሬ አውቃለሁ አልኩት። ፎገራ ውስጥ አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። የገዛ በሬውን ጉልበት የሚያውቀው ከጎኑ የተጠመደው ማን እንደነበር ሲያስታውስ ነው። ከሰነፍ ጋር ተጠምዶ ቀድሞ የሄደ በሬ አይወደስም። ይኸው ነው ነገሩ አልኩት። አመሉ የገበሬ ልጅ ነውና ገባው፤ ገብቶትም አኮረፈ።

የመጀመሪያው ሳምንት ግን አስጠላኝ። ከረጢቶቹን የሞላሁት በሽምብራ ቆሎ ነበር። የኔነህ ተርቦ ደረጃውን በላው። አምባው የሚባለው ደግሞ የራሱን ጨርሶ የሰው ከረጢት ውስጥ ገባ። ሁሉም አፉን እየጠረገ አንደኛ እኔ ነኝ ይላል። አሁን ጥሬ ሽምብራ አድርጌያለሁ፤ ጥርሳቸው ይፈር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ራሴ እየሄድኩ ከረጢቶቹን እጠብቃለሁ። ልጆቹን ደግሞ በከንቱ አምቼአቸው ኖሯል። ስገባ ሁሉም ብድግ ይላሉ። ከቴሌቪዥኑ ፊት ያለችውን ደኅና ወንበር ለእኔ ይለቃሉ፤ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፤ ስድብ የሚባል የለም። እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ናፍቆት ከሰባተኛ ተነስታ ሁለተኛ ሆናለች። ባለፈው ቅዳሜ የኔነህን ሁለት ጊዜ ጣለችው፤ ሁለቱንም በመጨረሻዋ ደቂቃ። እኔ ምኑም አይገባኝም፤ ኳሷ መረብ ስትነካ ግን ዱላዬ ከእጄ ወደቀ። የኔነህ አንስቶ ሰጠኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የናንተ ድርጅት ያን ሁሉ ሕዝብ የሚመዝነው ለምንድን ነው? ሰሌዳ ላይ ሊሰቅለው ነው? ባሕር ዳር ሊልከው ነው?

መንግሥቴ

•

ኦስሎ፣ ጥር 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ አባባ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረስዎ። የላካችሁት የጨዋታ ውጤት ደርሶኛል፤ ሁሉንም አስገብቼዋለሁ። ቆሎው ግን እስካሁን ያስቀኛል።

አንድ ትንሽ ጥያቄ አለችኝ። ጨዋታው በሳምንት ሁለት ቀን መሆኑን አይቻለሁ፤ እርስዎ የሚገኙት በየትኞቹ ቀናት ነው? ደግሞ ከውጤቱ ውስጥ “ረዳት” ተብለው ብቻ የተጻፉት ተጫዋቾች እነማን ናቸው?

ጥምቀትን በሰላም ያክብሩ።

ታደለ

•

ወረታ፣ ጥር 16 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለታደለ፣ ቃል ቆጣቢው

ታቦቱ በሰላም ወጥቶ በሰላም ገብቷል። የጻፍካት ደብዳቤ ከመድኃኒት ትእዛዝ ታንሳለች። እጅህ በርዶት ይሆናል ብዬ አዘንኩልህ።

ቅዳሜ እኔ አለሁ ብዬህ ነበር። ረቡዕ ረቡዕ ሽምግልና ስላለብኝ አልሄድም፤ ሁለት ወንድማማቾች ስለ አንድ ቦይ ውኃ ከመስከረም ጀምረው እስካሁን ጨጓራዬን ይልጡኛል። ረቡዕ ከረጢቱን የሚጠብቀው አመሉ ነው። “ረዳት” ያልነው የጭነት መኪና ረዳቶችን ነው። መኪናው ጎማ ሲያስነፋ ገብተው አንድ ሁለት ጨዋታ ተጫውተው ይሄዳሉ። ስማቸውን አናውቅም፤ እነሱም እኛን አያውቁንም። ከየትኛውም ቀን አይጠፉም። አንዳንዶቹ ግሩም ይጫወታሉ።

ናፍቆት አንደኛ ልትሆን ከረጢቷ አራት ሽምብራ ቀርቶታል። ነገር ግን አንድ ነገር አልወደድኩላትም፤ ደስታ አይታይባትም። ቅዳሜ አሸንፋ ስትመለስ ከባጃጁ እስክንወርድ አንድ ቃል አትናገርም። ረቡዕ ተሸንፋ ስትመጣ ግን እያፏጨች ነው የምትገባው። ጉርምስና ይሆን?

የጠየቅኩህን አልመለስክልኝም። ለምንድን ነው የምትመዝኗቸው?

መንግሥቴ

•

ወረታ፣ የካቲት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለታደለ፣ ካለህ

ጾሙ ገብቷል። ቴሌግራሙ ተዘጋ አሉኝ፤ ናፍቆት ግን በጓሮ በር እንደሚከፈት አድርጋ ከፍታዋለች። ስለዚህ በዚያ አታመካኝ። ወር አልፎሃል።

ከዚህ በፊት የጠየቅኩህ መለኪያ ነበር፤ ሰጠኸኝ። አሁን የምለምንህ መልስ ብቻ ነው። ሰው አንዲት ቀላል ጥያቄ ጠይቆ፣ ሲመልሱለት ዝም ካለ፣ ያየው ነገር አለ ማለት ነው። በሽምግልና ስቀመጥ የማውቃት አንዲት ነገር ብትኖር ይህች ናት። ውሸታም ቶሎ ይመልሳል፤ እውነት የያዘው ነው አፉ የሚተሳሰርበት።

ናፍቆት አንደኛ ሆናለች። አመሉ ስሟን ለባሕር ዳር ሊያስተላልፍ ነው።

መንግሥቴ

•

ኦስሎ፣ የካቲት 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ አባባ መንግሥቴ

ፈጣሪ ረጅም ዕድሜና ሰፊ ልብ ይስጥዎ፤ ዛሬ በተለይ ሰፊውን ልብ እለምንልዎታለሁ። ይህን በወረቀት ጽፌ በፖስታ የላክሁት በናፍቆት ስልክ እንዳያልፍ ብዬ ነው። እስኪደርስዎ እንደሚዘገይ አውቃለሁ። ብቻዎን ሆነው ያንብቡት።

ናፍቆትና የኔነህ እስካሁን አሥራ ሰባት ጊዜ ተገናኝተዋል። ስምንቱ ቅዳሜ ነው፤ ከስምንቱ ሰባቱን እሷ አሸነፈች። ዘጠኙ ረቡዕ ነው፤ ከዘጠኙ ያሸነፈችው አንዱን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ልዩነት በዕድል ሊመጣ ይችላል ወይ ብዬ አሰላሁት። ከሦስት መቶ ጊዜ አንድ ጊዜ ቢደርስ ነው። ከአምባውና ከሌሎቹ የከተማው ልጆች ጋርም ነገሩ እንደዚያው ነው።

ምናልባት እርስዎ ሲኖሩ ልቧ ሞቆ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ያን የማጣራበት አንድ መንገድ ነበረኝ፤ ረዳቶቹ። እነሱ እርስዎንም አያውቁ፤ የማን ልጅ እንደሆነችም አያውቁ። እርስዎ ሲኖሩ የምትበረታ ከሆነ፣ ቅዳሜ ረዳቶቹንም አብልጣ ማሸነፍ ነበረባት። ከእነሱ ጋር ግን ቅዳሜም ረቡዕም ያው ናት፤ ግማሹን ታሸንፋለች፣ ግማሹን ትሸነፋለች። ስለዚህ ቅዳሜ የሚለወጡት እነሱ እንጂ እሷ አይደለችም።

አባባ፣ ልጆቹ እየለቀቁላት ነው። ለእሷ ብለው አይመስለኝም። ለእርስዎ ብለው ነው።

ደጋግመው የጠየቁኝንም ልመልስ። ይህን ምልክት ቶሎ የለየሁት የማውቀው ስለሆነ ነው። እኛ ዘንድ አንድ ሰው ተከታትሎ ሲሸነፍ ጨዋታውን ትቶ ይሄዳል ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ ቀጥሎ ሆን ተብሎ ደካማ ተጋጣሚ ይሰጠዋል። ያሸንፋል፤ ጎበዝ የሆነ ይመስለዋል፤ ሌሊቱን ይቀጥላል። ማን ለማን ደካማ እንደሆነ የሚያውቀው የእኔ መለኪያ ነው። በትክክል ለመመዘን ብዬ ነበር የሠራሁት።

ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ታደለ

•

ወረታ፣ መጋቢት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለታደለ

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። ፖስታ ቤት ደብዳቤ አለህ ሲሉኝ ክፉ ነገር እንደሆነ ገባኝ፤ ደግ ወሬ ቴምብር አይለጠፍበትም። ይህንም እኔው ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ፤ ናፍቆት አታየውም።

ተጸየፍኩ። መጀመሪያ አንተን። ቀጥዬ ልጆቹን። ማታ ስተኛ ደግሞ ራሴን። ያን ደኅና ወንበር አስበው፤ ሽማግሌ እንደ ዳኛ ተደላድሎ፣ የሰረቀውን ሽምብራ እየቆጠረ። እኔ እኮ ነኝ በየኔነህ ስስቅ የነበርኩት፤ ሕፃናት እየመረጠ ይጥላል ብዬ። እሱስ ለራሱ ነው የዘረፈው። እኔ ሳላውቀው ለልጄ ልጅ ዘርፌ፣ ምርኮውን ለእሷ አሸክሜ በባጃጅ ይዣት ስገባ ኖርኩ።

ዛሬ ጠዋት ጌም ቤት ሳይከፈት ደጁ ላይ ጠበቅኋቸው። የኔነህንና አምባውን ጥግ አስያዝኳቸው። ቀስ ብዬ ጀመርኩ፤ ጎበዝ ተጫዋች በመጨረሻ ደቂቃ ግብ የሚገባበት ምን ሲነካው ነው አልኩ። አምባው መሬት መሬት ያያል። የኔነህ ግን ቀና ብሎ አንድ ነገር አለኝ፤

“አባባ፣ ባለፈው ዓመት አባቴንና አጎቴን ያስታረቁት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ዱላዎን ተደግፈው እያዩ እንዴት አድርጌ ላሸንፋት?”

ምራቄን ተፋሁ። በእሱ ላይ አይደለም፤ መሬት ላይ ነው። እኔን ሲያከብሩ ልጅቱን አዋረዷት፤ ክፋት ብቻ እንዳይባል ደግሞ ክብር ነው። ክፋት ቢሆን በዱላ እገላገለው ነበር። በአክብሮት የተደረገን በምን ልምታው?

አንተንም አልለቅህም። የእኛዎቹ በይሉኝታ ነው፤ ያስጠላል፤ ግን አይናቸው ያፍራል። የእናንተ ድርጅት ሰውየውን ከነመኖሩ አያውቀውም፤ ምን ይሉኛል የሚለው ፊት የለውም። እያሸነፍክ ነው ብሎ የሚያታልለው እንዳይነሳበት ብቻ ነው። ላም እንድትታለብ ገለባ የተሞላ የጥጃ ቆዳ አጠገቧ እንደሚያቆሙላት ማለት ነው። ላሟ ስትልሰው አይተህ ታውቃለህ? እኔ አይቻለሁ፤ የዚያን ቀን ወተት አልጠጣሁም።

ስድቤን ጨረስኩ። አሁን ምን ላድርግ? ለናፍቆት መንገር አለብኝ፤ እንዴት ብዬ እንደምነግራት አላውቅም። መለኪያውንም እንደገና ንጹሕ አድርገው።

መንግሥቴ

•

ኦስሎ፣ መጋቢት 24 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ አባባ

ይህን በአመሉ ስልክ የላክሁት ፖስታው እንዳይዘገይ፣ ናፍቆትም እንዳታየው ብዬ ነው። የጥጃውን ቆዳ ነገር ለሥራ ባልደረቦቼ በስብሰባ ላይ ተናገርኩት። ማንም አልሳቀም። ከዚያ ሥራ እንዲያወጡኝ ጠይቄያለሁ፤ መልስ አልሰጡኝም። እስኪሰጡኝ ድረስ ግን ያንን ነገር እጄ አይነካውም ብያቸዋለሁ።

የእናንተ ይቀላል፤ መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እርስዎ አይኑሩ። ሁለተኛ፣ ተጫዋቾቹ ከማን ጋር እንደሚጫወቱ አይወቁ። መሐላቸው መጋረጃ ይደረግ፤ ማን ከየትኛው ወገን እንደተቀመጠ አመሉ ብቻ ይወቅ። ድምፅ አያሰሙ። ሰው የማያውቀውን ሰው አክብሮ ሊሸነፍለት አይችልም። ከረጢቶቹን ባዶ አድርጋችሁ ከአርባ እንደገና ጀምሩ። እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ከሁሉም ጋር ደጋግመው ከተጫወቱ ይበቃናል።

ለናፍቆት ግን በቁጥር አይንገሯት። በቃልዎ ይንገሯት።

ታደለ

•

ወረታ፣ ግንቦት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለገላነሽ የልጅ ልጅ፣ ለታደለ

እንኳን ፋሲካው በሰላም አለፈልህ። ዝናቡ ገና ነው፤ ከብቱ ጥላ ሥር ተኝቶ ሰማይ ያያል። ፈጣሪ ያን ድርጅትህን ልብ ይስጥልህ፤ ልብ ካልሰጠው ላንተ ሌላ እንጀራ ይስጥህ። ይህን ደብዳቤ ዛሬ ናፍቆት ፎቶ ታነሳዋለች። ከእንግዲህ ከእሷ የሚደበቅ የለም።

እንዳልከኝ አደረግሁ። ለጉልበቴ ብዬ ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወረድኩ። ወረታ ውስጥ መኖሬ ብቻ ልጆቹን ያስጎነብሳቸዋል ብዬ ሁለት ሳምንት ተኩል እዚያው ከረምኩ። ከዚያ የወጣሁት ቆዳዬ እንደ ተቀቀለ ድንች ሆኖ ነው። መጋረጃው የእኔ ጋቢ ነው። አመሉ ከጣራው ላይ በገመድ ሰቅሎ፣ በግራና በቀኝ ቴሌቪዥን አቁሞ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ በጓሮ በር ያስገባቸዋል አሉ። ጋቢዬ ከሰው ይልቅ ፍትሐዊ ሆኖ ተገኘ።

ከመውረዴ በፊት ለናፍቆት ነገርኳት። ሦስት ቀን አፌ ላይ አድሮብኝ በአራተኛው ሰርክ ላይ፣ ገበጣ እየተጫወትን ሳለ ነው ያወጣሁት። ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ እየለቀቁልሽ ነበር አልኳት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ጠጠሩን ዘርታ ጨረሰች።

“አውቄያለሁ፣ አባባ” አለች።

ከመቼ ጀምረሽ ነው የምታውቂው አልኳት። ከመጀመሪያው ቅዳሜ አለች። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ስላት፣ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አይታኝ ስለማታውቅ ነው። ረቡዕ ስትሸነፍ የምታፏጨውም የራሷ ሽንፈት ስለሆነ ነው። ሰው ሲለቅልሽ እንዴት ነው የሚታወቅሽ አልኳት ደግሞ። ዝቅ ብላ ገበጣውን አየችው።

እኔም አየሁት።

ልጄ፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ምድር ኖሬ፣ ገበጣውንም ስትለቅልኝ እንደኖረች የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ተነሽ አላልኳትም። ጠጠሩን እንደገና ደረደርኩና በጋቢዬ ፊቴን ሸፍኜ፣ በጣቴ ቀዳዳ ብቻ እያየሁ፣ እኔ የለሁም፤ ተጫወቺ አልኳት። አሸነፈችኝ። ደገምን፤ አሸነፈችኝ። ሦስተኛው ላይ ሩቡን ሳንጨርስ ቤቴን ባዶ አደረገችው። እጇ ሲሄድ አየሁት፤ እንደ ውኃ ነው። ያቺ እጅ ለስንት ዓመት ታስራ እንደኖረች አላውቅም። በመጨረሻ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ ከሳቅሁ በኋላ ግን ወጥቼ አጥር ሥር ቆምኩና እስኪወጣልኝ ራሴን ሰደብኩ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ውጤቱን ልካልሃለች፤ አንተም አስልተህ ለአመሉ የመለስክለትን አይቻለሁ። የኔነህ አንደኛ ነው። ናፍቆት ሁለተኛ ናት። መሐላቸው ያለው ጥቂት ሽምብራ ነው፤ ግን አለ። ባሕር ዳር የሚሄደው የኔነህ ነው። ያ የሕፃናት ዘራፊ በእውነትም ጎበዝ ኖሯል፤ ይህም አስጠልቶኛል፤ ግን ከረጢቱን ራሴ ቆጥሬ ራሴ አሰርኩት። ለናፍቆት ስነግራት ወደ ላይ ዘለለች። ተሸንፈሽ ነው የምትዘዪው አልኳት። “ሁለተኛ ነኝ፣ አባባ፤ የራሴ ሁለተኛ” አለችኝ፤ ያን ቀን እራቷን ሁለት ጊዜ በላች።

የኔነህ ከዚያ ወዲህ በየማታው እየመጣ ከእሷ ጋር ይለማመዳል። ጋቢውን አውርደውታል፤ አያስፈልግም አሉ። እኔ በበሩ ሳልፍ አሁንም ይነሳልኛል፤ ግን ጆይስቲኩን ከእጁ አይለቅም። ትናንት እኔ እዚያው ቆሜ እያየሁ አራት ለዜሮ ረገጣት። እሷም ሰደበችው። ስድቡ ያምር ነበር።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። የዛሬ ስድስት ዓመት ክረምት፣ በረንዳዬ ላይ፣ አንተና እኔ ገበጣ ተጫውተናል። በየቀኑ አሸንፌህ ነበር። ያን ለከተማው ሁሉ አውርቻለሁ፤ ባሕር ማዶ የተማረ ሰው ጣልኩ ብዬ። አንተም በመጀመሪያው ደብዳቤህ አልረሳሁትም ብለኸኛል።

ለቀህልኝ ነበር?

ይህ ደብዳቤ አሁን በስልክ ስለሚላክ ዛሬውኑ ይደርስሃል። በቴምብር እንዳትልክልኝ። ብታፍርም፣ አኩርፌ ብታገኘኝም፣ የሆነውን ጻፍልኝ። ካዘገየኸው ግን መልሱን አውቄዋለሁ።

የአያትህ ወንድም መንግሥቴ፣ በቤቱ ሁለተኛ